የገማቹ ልጅና ሲፎኑ

እታገኘሁ «ባልዲዬ ደረቀ!» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ባታወራ ኖሮ ነገሩ ያን ያህል ባላሳፈራት ነበር። ግን አውርታለች። በገበያ አውርታለች፣ በማኅበር አውርታለች፣ ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ ለማታውቀው ሰው ሳይቀር አውርታለች።

ወጥ ቤቷ ካለው የዕቃ ማጠቢያ ሲንክ ሥር አንዲት ጎባጣ የፕላስቲክ ቱቦ አለች፤ ባለሙያዎቹ ሲፎን ይሏታል። ጉብጠቷ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይቀራል፤ ያ ውሃ የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤት እንዳይወጣ እንደ በር ይዘጋዋል። ሲንኩ የገባው ልጇ ሰብሌ ሪያድ ሰው ቤት እየሠራች በላከችው ብር ነው። ሲፎኗ ከመስቀል ወዲህ ማንጠባጠብ ጀመረች። ጠብ፣ ጠብ። እታገኘሁ ባልዲ ደቀነች። ባልዲው ውሎ ሳያድር ይሞላ ጀመር።

የቧንቧ ሠራተኛው በፍቃዱ መጣና ጎንበስ ብሎ አየ። በጣቱ ነካ ነካ አደረጋት።

«እትዬ፣ ይቺ አልቆላታል፤ ተሰንጥቃለች። አዲስ ይግባላት። ዕቃውንም እጄንም ጨምሮ ሁለት ሺህ ብር።»

«ስንት?»

«ሁለት ሺህ።»

«አንተ ልጅ፣ ቱቦ ነው ወይስ ጊደር የምትሸጥልኝ?»

«ጊደርማ በሁለት ሺህ የት ተገኝታ!» ብሎ ሳቀ።

እታገኘሁ አልሳቀችም። ነጠላዋን አጣፍታ ገበያ መሐል ወዳለው የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ሄደችና የሲፎን ዋጋ ጠየቀች። ሰባት መቶ ብር አሏት። እንግዲያ የቀረው የምን ነው? ጎንበስ ብሎ የመነሣት? «ሺህ ብር ከነዕቃው» አለችው። እምቢ አላት። እሷም እምቢ አለችው። ሰብሌ በስልክ «ማዬ፣ በቃ ክፈዪው፤ ምን ያጨቃጭቅሻል?» ብትላት፣ «ያንቺ ላብ እኮ ነው፤ የቧንቧ ውሃ መሰለሽ?» ብላ ዘጋችባት።

ከዚያ ከጓሮ አንድ ያረጀ ከመነዳሪ አመጣች፤ ያ የመኪና ጎማ ሆድ ውስጥ የሚነፋው ላስቲክ። በቁመቱ ቀደደችና ሲፎኗን ወጌሻ የተሰበረ እግር እንደሚያስር ጥፍር አድርጋ ጠቀለለቻት። በማግስቱ ባልዲው ደረቅ፣ በሠልስቱም ደረቅ። «የበፍቃዱን ሁለት ሺህ በአንድ ቁራጭ ከመነዳሪ አዳንኩት» እያለች መካነ ሰላም ከተማን አዳረሰች። ሰዉም ወሎዬ አይደል፣ ለስም ማውጣት ማን ብሎት፣ «የቧንቧ ወጌሻ» አላት። እሷ ደስ አላት።

ጥር መጨረሻ ላይ፣ አንድ ጧት ወንፊት ልትዋስ ኡሙልኸይር ቤት ገባች። ኡሙልኸይር ጎረቤቷ ናት፤ ጎረቤት ቢባል ያንሳል። ሁለቱ ቤቶች የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው፤ የእታገኘሁ ወጥ ቤት ጀርባ የኡሙልኸይር ጎተራ ክፍል ነው።

«ወንፊት ነው? ተቀመጪ፣ እኔ ላምጣልሽ» አለች ኡሙልኸይር፣ እንደ መቸኮል ብላ።

«ለምን ታመጪልኛለሽ? የት እንደምትሰቅዪው አላውቅም?»

«ኧረ ተቀመጪ እቱ፣ ክፍሉ ተዝረክርኳል።»

ሠላሳ ዓመት ሲገባቡ ኡሙልኸይር «ተዝረክርኳል» ብላ አታውቅም። እታገኘሁ ደግሞ ተቀመጪ ሲሏት የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ዘው ብላ ገባች። ገብታም ቆመች።

ጆንያዎቹ ሁሉ ከግድግዳው ሸሽተው መሐል ወለል ላይ ተደርድረዋል። በግድግዳው ሥር ግን ገብስ በቅሏል። ጨለማ ውስጥ ስለበቀለ ቢጫ ነው፤ ቀጭን ቀጭን፣ እንደ ጨቅላ ፀጉር።

«ኡሙ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ገብስ ነዋ።»

«ገብስነቱንማ አየሁት። ቤት ውስጥ ምን አበቀለው?»

«አላህ ያሻውን ያበቅላል። ለብቅል ብዬ ነው።»

«አንቺ ብቅል ምን ይሠራልሻል? ጠላ ልትጠምቂ?»

«ለናንተ ነዋ! በሚቀጥለው ማኅበርሽ ጠላ አጠረኝ እንዳትዪ።»

ኡሙልኸይር ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ ግን አልወጣላትም። እታገኘሁ ዓይኗን ከበቀለው ገብስ አንሥታ ግድግዳውን ወደ ላይ ተከተለች። ርጥበቱ ከላይ ጠቦ ከታች ሰፍቶ ወርዷል። የሚጀምረው ከሷ ወጥ ቤት የመጣው የሲንክ ቱቦ ግድግዳውን ከሚበሳበት ቦታ ነው። ያኔ ገባት። ባልዲው የደረቀው ውሃው ስለቆመ አልነበረም። ከመነዳሪው ጠብታውን ወደ ታች እንዳይወድቅ ከለከለው እንጂ አላቆመውም። ውሃው በቱቦው ሆድ ሥር እንደ ሌባ እየተሳበ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ ከርሟል።

«የዘር ገብስሽ ነው?»

«የአንዱ ጆንያ ቂጥ ብቻ ነው። የወንድሜ ነው፤ ከላላ የሚዘራው። ሌላውን አሽሽቼዋለሁ፤ አብሽሪ።»

«መቼ አየሽው?»

«ቆይቷል።»

«ለምን አልነገርሽኝም? አፍ የለሽም?»

ኡሙልኸይር ወንፊቱን ከምስማሩ አወረደችና አቧራ የሌለበትን እፍ አለችበት። «ባልዲዬ ደረቀ ብለሽ እንዲያ ደስ ብሎሽ ሳይሽ፣ ወላሂ በምን አፌ ልበልሽ?»

እታገኘሁ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ያንን ግድግዳ ሁለቱ ናቸው የሠሩት። ሁለቱም አዲስ ሙሽሮች ሆነው፣ አንዷ ከከላላ በኩል፣ አንዷ ከወደ ለጋምቦ መጥተው፣ ባሎቻቸው ጎን ለጎን ቦታ ተመሩ። እንጨት ውድ ነበር፤ ጉልበት ብቻ ነበር ርካሹ። ባሎቹ ተነጋገሩና ለሁለት ቤት አንድ ግድግዳ አቆሙ። ጭቃውን የረገጡት ሴቶቹ ናቸው፤ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሰብስበው፣ ጭድ እየነሰነሱ፣ አንዷ ስታንጎራጉር አንዷ እየተቀበለች። ውሃ ያኔ በቧንቧ የሚመጣ ነገር አልነበረም፤ ከምንጭ በጀርባ ነው። አንዷ ስትቀዳ አንዷ ትረግጣለች። ልስኑ እንዳለቀ እታገኘሁ መዳፏን በርጥቡ ጭቃ ላይ፣ ከታች በኩል ለጠፈችው። «ምነው?» ስትላት ኡሙልኸይር፣ «ነገ ግድግዳው የኔ ነው እንዳትዪኝ ማኅተም ነው» አለቻት። ኡሙልኸይርም የራሷን ከጎኑ ለጠፈች። የእታገኘሁ መዳፍ እንደ አካፋ ነው፣ የኡሙልኸይር እንደ ሕፃን። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ስንት ጊዜ ተቀባ፤ ያቺን ቦታ ግን ማንም አልነካት።

አሁን እታገኘሁ ተንበርክካ ቦታዋን ፈለገች። የሷ አካፋ አለ። የኡሙልኸይር ግን የለም። ልስኑ እንደ ቂጣ አብጦ ወድቋል፤ በበቀለው ገብስ ላይ ተበትኗል።

ወንፊቱን ረስታ ወጣች።

በፍቃዱን ያገኘችው መናኸሪያ ነው። የከላላ ሚኒባስ ውስጥ የመሣሪያ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የአዲስ ሆቴል ቧንቧ ሊሠራ ነው የሚሄደው፣ እስከ ዓቢይ ጾም ላይመለስ። ሌላው ቧንቧ ሠራተኛ ደሴ ሄዶ ቀርቷል። እታገኘሁ ሳትናገር ቦርሳውን በመስኮቱ ስባ ያዘች።

«እትዬ! ምን ሆኑ?»

«ውረድ።»

«መኪናው ሊሄድ ነው እኮ!»

«ሰው አልሞላ፤ ግማሹ ባዶ ነው። እስኪሞላ ትመለሳለህ። ውረድ አልኩህ።»

ረዳቱ «ወጌሻዋ ናት፣ እግሩን ልትሰብረው ነው» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀ። በፍቃዱ ቦርሳው ከሄደ ምን ያደርጋል፤ ወረደ። በመንገዳቸውም ሱቅ ገብተው አዲሷን ሲፎን በበፍቃዱ ዱቤ ያዙ።

ወጥ ቤት ሲደርሱ ኡሙልኸይር ቀድማ ገብታ ቆማለች። በፍቃዱ ጎንበስ ብሎ ከመነዳሪውን አየና ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቁ እንዳያመልጠው።

«አሳሰርዎስ ጥሩ ነበር» አለ።

«አፍህን ዝጋና ስንት እንደሆነ ንገረኝ።»

«ያልኩት ነው። ከነዕቃው ሁለት ሺህ።»

«ሺህ።»

«አንቺ ሴት!» አለች ኡሙልኸይር። «ግድግዳው ሊናድ ነው፣ አሁንም ሺህ? ግማሹን እኔ እከፍላለሁ፤ ገብሱም እንደሆነ የኔ...»

«አንቺማ አምስት ሳንቲም አታወጪም! አጥፊዋ እኔ፣ ከፋይዋ አንቺ? እኔ የሸጋዬ ልጅ እንደዚያ አላደርግም።» ወደ በፍቃዱ ዞረች። «ስማኝ። ብሩ አለ፤ እዚህ መቀነቴ ውስጥ ነው። ግፍ ግን አልከፍልም፤ ልጄ በሰው አገር የሰው ሽንት ቤት አጥባ ያመጣችው ነው። አንተም ላይ ግፍ አልሠራም። ልኩን ነው የምፈልገው።»

«ልኩን ማን ያውቃል እትዬ? ልኩ የተባባልነው ነው።»

«አባቴ ያውቁ ነበር» አለች እታገኘሁ።

ድምጿ ወረደ። ዓይኗ በፍቃዱ ላይ ነው፤ የምታየው ግን እሱን አልነበረም።

አባቷ ሸጋዬ ገማች ነበሩ። ሹመት የላቸው፣ ማኅተም የላቸው፤ በለጋምቦ አገር ግን የአንዱ ከብት ያንዱን አዝመራ ሲበላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ልጅ እያለች ትከተላቸው ነበር። ማሳውን አንድ ጊዜ ቀስ ብለው ይዞሩታል። ከቆመው አንዲት ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሸት አሸት ያደርጓታል፤ እፍ ይላሉ፤ ገለባው ይበራል። አንዲቷን ፍሬ በጥርሳቸው ሰበር ያደርጋሉ። ያቺ የጥርሳቸው ድምፅ፣ ቀጭ የምትለዋ፣ እስካሁን ጆሮዋ ላይ አለች። ከዚያ «ይሄን ያህል ቁና» ይላሉ፤ ያሉት አይመለስም። ለግምታቸው ምንም አይቀበሉም፤ ውሃ እንኳ ከከሳሹም ከተከሳሹም ቤት አይጠጡም። «ልከኛ ግምት ማለት» ይሉ ነበር፣ «ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እያጉረመረሙ፣ ግን አብረው ወደ ቤት የሚሄዱበት ነው። አንደኛው እየሳቀ ከሄደ ተሳስቻለሁ።»

«እንግዲያ ገማች እንጥራ» አለች ኡሙልኸይር።

«ማንን? አባቴ ‹ገማች ከሁለቱም ቤት እህል ያልቀመሰ ይሁን› ነበር የሚሉት። እዚህ አገር ከኔ ቤት ያልበላ ማን አለ?»

ኡሙልኸይር አሰበች። «እንዳልካቸው፣ የወፍጮ ቤቱ?»

«የባሌን ተዝካር በልቷል።»

«ጎረቤታችን ሐዲያስ?»

«ለተዝካሩ ለእስላሙ ወገን የበግ ወጡን ማን ሠራው? ሐዲያ አይደለችም?»

«እሱስ እውነት። ሠርታም በላች፣ ጠቅልላም ወሰደች።»

በፍቃዱ ጭንቅላቱን እያከከ፣ «እኔም ራሴ በልቻለሁ እኮ» አለ። «ተማሪ እያለሁ። ሁለት ጊዜ ነው የተነሣልኝ።»

«የበላኸው ሳይቆጨኝ ሁለት ሺህ ትለኛለህ?»

ሦስቱም ሳቁ። ከውጭ የሚኒባሱ ጥሩምባ ተሰማ፤ በፍቃዱ ወደ በሩ ዞረ። እታገኘሁ ቦርሳውን በእግሯ ወደ ሲንኩ ሥር ገፋችው።

«አንድ ነገር ቀርቷል። ገማቹ የሚጠጥርበት ነገር ሲመጣ፣ አባቴ ከሳሽና ተከሳሹን ቦታ ያለዋውጧቸው ነበር።»

«እንዴት?»

«አሕመድኑር የሚባል ሰው ነበር። በቅሎው የአንዲት መበለት ገብስ ውስጥ አድራ ተገኘች። ሴትዮዋ አምስት ቁና አለች፣ አሕመድኑር ከአንድ አላልፍም አለ። አባቴ ምን አደረጉ? የበቅሎዋን ልጓም ለሴትዮዋ ሰጧትና ‹አሁን በቅሎዋ ያንቺ ናት፤ ስንት ትከፍያለሽ?› አሏት። አሕመድኑርን ማሳው መሐል አቆሙትና ‹ገብሱ ያንተ ነው፤ ስንት ትቀበላለህ?› አሉት። ሴትዮዋ ልጓሙን ይዛ በቅሎዋን አየቻት፤ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ሰውየው ማሳውን አየ፤ የተኛው ገብስ ደግሞ የልጆች ጉሮሮ ነው። እሷ ወረደች፣ እሱ ወጣ። መሐል ላይ ተገናኙ።» ጉሮሮዋን ጠረገች። «አንተ እዚህ ተቀመጥ። እኔ እገባለሁ።»

«የት ነው የሚገቡት?»

«ሲንክ ሥር ነዋ!»

«እትዬ፣ ኧረ በእናትዎ!»

«ተቀመጥ ብያለሁ!»

በፍቃዱ በእሷ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እታገኘሁ ነጠላዋን ለኡሙልኸይር ወረወረችና፣ እየሰባች የመጣች ሴት ናት፣ በጀርባዋ እየተንፏቀቀች ሲንኩ ሥር ገባች። ቦታው ጠባብ ነው። አንገቷ ግድግዳውን ነካ፤ ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ ምንጭ ዳር አፈር ይሸታል። ያንን ሽታ ታውቀዋለች፤ ጭቃ ሲረግጡ የነበረው ሽታ ነው።

«ቁልፉን ልስጥዎት?»

«አምጣ።»

«ያቺን የላይኛዋን ዳዶ፣ ክቧን ማጥበቂያ፣ ወደ ግራ። ወደ ግራ እትዬ! እየጠበቀች ነው!»

«ለኔ ግራ የቱ ነው? ተገልብጬ እኮ ነው ያለሁት!»

«እኔም ሁልጊዜ ተገልብጬ ነው የምሠራው።»

ዳዶዋ እምቢ አለች። እታገኘሁ ጥርሷን ነክሳ ጠመዘዘች። እጇ ተንሸራተተና ጣቷን ቱቦው ገጨው። ደግማ ጠመዘዘች። ድንገት ለቀቀችና፣ ጉብጠቷ ውስጥ የነበረው ውሃ፣ ያ እንደ በር ይዘጋል የተባለው፣ ከነዝቃጩ ፊቷ ላይ ተደፋ።

ኡሙልኸይር ሆዷን ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች። «ያ ረቢ! ሽሮ ይሁን ምስር አላውቅም፣ ከትናንት ወዲያ የበላሽው ቅንድብሽ ላይ አለ!»

«ዝም በይ!» አለች እታገኘሁ ከሥር፣ አፏን እየጠረገች። «ምን ይሸታል ይሄ? በየቀኑ እንዲህ ነህ?»

«የሆቴል ሲሆን ይብሳል» አለ በፍቃዱ፤ ድምፁ ላይ ግን ሳቅ አልነበረም። በርጩማው ፊት ለፊት ያለውን ያያል። መደርደሪያው ላይ የሰብሌ ፎቶ አለ፤ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ፣ የሰው ልጅ በእቅፏ ይዛ፣ የሰው ትልቅ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ።

«ይሄ ሲንክ በሷ ብር ነው?»

«በማን መሰለህ ታዲያ?»

«የኔም እህት እዚያው ናት። ዝናሽ። እርስዎ የያዙት ቁልፍ እሷ የገዛችው ነው።»

ውጭ ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ።

«እሺ፣ ተናገር» አለች እታገኘሁ። «ቤቱ ያንተ ነው፣ ብሩም ያንተ እህት ነው የላከችው። ስንት ትከፍላለህ?»

በፍቃዱ ፎቶውን አየ። «ሺህ አንድ መቶ» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን? ሺህ አንድ መቶ? አብደሃል? ዕቃው ብቻ ሰባት መቶ ነው! በአራት መቶ ብር ነው ይሄ ሁሉ ፊቴ ላይ የሚደፋው? ሺህ ስምንት መቶ! ከዚያ አልወርድም!»

«ኧረ ይበዛል እትዬ! ከዕቃው በላይ ለእጅ ሺህ አንድ መቶ?»

«ይበዛል? አንተ ቋጣሪ! ና ግባና ሞክረው!»

«እኔማ በየቀኑ ገብቼ አውቀዋለሁ፤ ደቂቃ አይፈጅም!»

«አንገቴ ሊቀነጠስ ነው! ሺህ ሰባት መቶ፣ ለዘመድ ብዬ!»

«ሺህ ሁለት መቶ! ከዚያ በላይ ለእህቴ ምን እላታለሁ?»

ኡሙልኸይር ሁለቱን ተራ በተራ እያየች ነጠላውን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «እናንተ ሰዎች» አለች፣ «አሁን እሷ ከሺህ ወደ ላይ፣ እሱ ከሁለት ሺህ ወደ ታች ሄደዋል። ተላልፋችኋል እኮ። ወዴት ነው?»

እታገኘሁ ከሥር አንገቷን ብቅ አደረገች፣ በፍቃዱ ከበርጩማው ጎንበስ አለ።

«ሺህ አራት መቶ» አለች ኡሙልኸይር። «ዕቃው ሰባት መቶ፤ እጁም እንደ ዕቃው ሰባት መቶ። ጨረስኩ።»

«አንቺ ገማች መሆን አትችዪም» አለች እታገኘሁ። «የኔን እህል ስትበዪ ነው የኖርሽው።»

«በልቻለሁ። ግን ይሄም ቤት የኔን ገብስ በላው። ተቻችሏል፤ እንግዲህ ማንም የማንንም አልቀመሰም።»

እታገኘሁ ከሲንኩ ሥር እየተንፏቀቀች ወጣች። በፍቃዱ እየገባ «ሺህ አራት መቶ ቀለለች» ብሎ አጉረመረመ። እታገኘሁ ፊቷን እየታጠበች «ሺህ አራት መቶ ከበደች» ብላ አጉረመረመች።

በፍቃዱ አሮጌዋን አወጣት። ስንጥቋ እንደ ፀጉር የቀጠነች ናት። አዲሷን ጎማዋን አስተካክሎ አስገባና ዳዶዋን በእጁ ብቻ አጠበቃት። «በቁልፍ ከጠበቀች ትሰነጠቃለች። ያቺኛዋንም የሰበራት ያስገባት ሰው ጉልበት ነው» አለ። ውሃ ለቀቁባት። ጠብ አላለችም። በፍቃዱ ባልዲውን ሊደቅን ሲል እታገኘሁ እጁን ያዘችው።

«ባልዲ ይዋሻል» አለች። ከዱቄት ማስቀመጫዋ አንድ ጭብጥ ነጭ ዱቄት ዘግና ከሲፎኗ ጀምራ እስከ ግድግዳው ድረስ በቱቦው ሆድ ላይ በጣቷ ቀባችው። ውሃውን ደግማ ለቀቀች። ሦስቱም ጎንበስ ብለው ዱቄቱን አዩ። ነጭ ነው። ደረቅ ነው። ትንሽ ቆየች፣ አሁንም ነጭ ነው።

ብሩን ከመቀነቷ ፈትታ ቆጠረችለት። «ምራቂውስ?» አለችው፤ ዱሮ ገበያ ላይ ጤፍ ስትሸምት ነጋዴው ከላይ ጣል የሚያደርጋትን እፍኝ የምትጠይቅ ያህል። በፍቃዱ ቦርሳውን በረበረና ሁለት ትርፍ ጎማ ጣል አደረገላት። «ምርቃቱስ?» አላት እሱም።

«እጅህ ይባረክ። የጠመዘዝከው ይላላ፣ ያጠበቅከው ይጥበቅ። ዝናሽንም ሰብሌንም በሰላም ይመልስልን።»

«አሚን» አለች ኡሙልኸይር ከሁሉም ቀድማ።

በፍቃዱ እየሮጠ ሄደ። ሚኒባሱን ደርሶበታል ይባላል፤ መቼ ሞልቶ ያውቃል።

እታገኘሁ ግን አልተቀመጠችም። ጎተራዋ ገብታ ከራሷ ገብስ፣ ለዘር ካስቀመጠችው፣ አንድ ቁና ሞልታ ከላይም ከምራ በራሷ ተሸክማ ኡሙልኸይር በር ላይ ደረሰች።

«መልሺው» አለች ኡሙልኸይር።

«አልመልስም።»

«የረጠበው ግማሽ ቁና እንኳ አይሞላም! አብዝተሽዋል።»

«የዘር ገብስ ነው፤ የዘር ገብስ ግማሹ ሙሉ ነው። እንዲያውም አሳንሼዋለሁ።»

«እኔ ካሳ አልጠየቅኩሽም፤ ደም ልታቃቢን ነው?»

«አባቴ ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር? ነይ ቦታ እንለዋወጥ። አንቺ የኔን ቧንቧ አፍስሺ፣ እኔ ያንቺን ገብስ ላጣ...»

«ኧረ በቃሽ! ሲንክ ሥር አልገባልሽም እኔ!»

ቁናውን ተቀበለቻት። ከምሩን ግን በእጇ ጠርጋ መልሳ እታገኘሁ ነጠላ ላይ አፈሰሰችው። የበቀለውን ደግሞ በላዩ ጨመረችበት፣ «ይሄን ብቅል አድርጊው፤ እኔ ቤት ሥራ የለውም» ብላ። እታገኘሁ ከበቀለው መሐል ያልበቀለች አንዲት ፍሬ አነሣች። በመዳፏ አሸት አድርጋ እፍ አለችባት። ጥርሷ ላይ አድርጋ ሰበረቻት። ርሳለች፤ ቀጭ አላለችም። ቢሆንም ቆማ ጥቂት አላመጠቻት።

ግድግዳው እስኪደርቅ ጠበቁ። የካቲት ላይ፣ ከጧቱ ፀሐይ ጋር፣ ሁለቱ ሴቶች ኡሙልኸይር ደጅ ላይ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭቃ ረገጡ። ጭዱን እታገኘሁ አመጣች፤ ውሃውን አሁን ከምንጭ አልቀዱም፣ ከሲንኩ ነው። ጉልበት ግን የዱሮው አይደለም። ትንሽ ይረግጡና ያርፋሉ፤ ያረፉ ጊዜ ያወራሉ። አንዷ ያንጎራጎረችውን አንዷ መቀበል ጀምራ መሐሉ ጠፋባት፤ ሁለቱም ጠፋባቸው፤ ከመጀመሪያው ጀመሩት።

የወደቀውን ቦታ ለሰኑት። ከእታገኘሁ አሮጌ መዳፍ ጎን ያለው ጭቃ ርጥብ ሆኖ ቆመ።

«በይ ማኅተምሽን» አለች እታገኘሁ።

ኡሙልኸይር ጎንበስ ብላ መዳፏን ለጠፈች፤ ቀስ ብላም አነሣችው። ሁለቱም ቆመው አዩት። ያ የሕፃን የሚመስለው መዳፍ የለም። ጣቶቹ ወፍረዋል፣ መገጣጠሚያው አብጧል፤ ከጎኑ ካለው ከዱሮው አካፋ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው።

«ገምቺው እስቲ» አለች ኡሙልኸይር።

እታገኘሁ አንዴ ወደ መዳፉ፣ አንዴ ወደ ጓደኛዋ እጅ አየች።

«አበዛሽው» አለች።

«አንቺ ነሽ ያሳነስሽው» አለች ኡሙልኸይር፤ እያጉረመረሙም እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ሲንኩ አብረው ሄዱ።